ከብራንዱ በፊት ክብደቱ፦ የከባድ ክሩዘር ሞተር ሳይክል ጎማ አመራረጥ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ጥቂት ከተሰማ በኋላ ዝቅ ይላል)

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ጎማ እንነጋገራለን። የመኪና ጎማ አይደለም። እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ሮድ ኪንግ፣ እንደ ሱዙኪ ቡሌቫርድ፣ እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ያሉ፣ ሰውና ሻንጣ ጭነው ረጅም መንገድ እንዲሄዱ የተሠሩ ከባድ ሞተር ሳይክሎች የሚሄዱበት ጎማ ነው። በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን እነዚህን ሞተሮች በየአውራ ጎዳናው ታዩአቸዋላችሁ። ከእናንተም መካከል ገዝታችሁ የምትነዱ አላችሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ከዋሽንግተን ተነስታችሁ ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች የምትወጡ፣ 169 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የስካይላይን ድራይቭ ጠመዝማዛ መንገድ የምታውቁት። የዛሬው ዝግጅት በተለይ ለእናንተ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አጠገባችሁ ቢኖር ጥሩ ነው፤ የምንጽፋቸው ቁጥሮች አሉ።

ጎማ ሊቀይር የሄደ ሰው ባለሱቁን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የትኛው ብራንድ ይሻላል? ስንት ማይል ያስኬዳል? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ከሁለቱም በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ይህ ሞተር እኔን፣ ከኋላዬ የሚቀመጠውን ሰውና ሻንጣዬን ጭኖ ሲሄድ ስንት ኪሎ ነው? የምገዛው ጎማስ ያን ክብደት ይችላል? ሞተር ሳይክል መሬት የሚነካው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ቦታ ከሰው መዳፍ ብዙ አይበልጥም። ከግማሽ ቶን በላይ የሆነ ክብደት፣ የፍሬኑ ኃይል፣ የኩርባው ግፊት፣ ሁሉም የሚያልፈው በእነዚያ ሁለት መዳፎች ነው።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ለምሳሌ የቅርብ ዓመታት ሥሪት የሆነውን መደበኛውን ሮድ ኪንግ እንውሰድ። ቤንዚኑና ዘይቱ ተሞልቶ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ 380 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ነጂው 85 ኪሎ ነው እንበል። ከኋላው የተቀመጠችው ባለቤቱ 65 ኪሎ ነች። ሁለት ሄልሜት፣ ሁለት የቆዳ ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ ቦት ጫማ፣ 15 ኪሎ። በጎን ሻንጣዎቹ ውስጥ ልብስ፣ ውሃ፣ መፍቻ፣ የዝናብ ካፖርት፣ 30 ኪሎ። ሰውየው ሞተሩን ከገዛ በኋላ ያስገጠማቸው ነገሮች፣ የኋላ ሣጥኑ፣ የጀርባ መደገፊያው፣ የብረት መከላከያው፣ 20 ኪሎ። ድምሩ 595 ኪሎ መጣ። ለዚህ ዓይነት ሞተር ፋብሪካው የፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ ጭነቱም ሰዉም ሞተሩም ተደምሮ፣ 617 ኪሎ ነው። የቀረን 22 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ የቆጠርነው ደግሞ ወፍራም ሰው አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ጭነትም አይደለም። ለሁለት ቀን ሽርሽር የወጡ ባልና ሚስት ናቸው።

የእናንተ ሞተር ቁጥር ከዚህ ሊለይ ይችላል። ሞተራችሁን ስታዩ በመሪው አንገት አካባቢ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ወይም የተመታ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። የሞተሩ ጠቅላላ ክብደት እስከ ስንት እንደሚፈቀድ፣ የፊቱና የኋላው አክሰል እያንዳንዳቸው እስከ ስንት እንደሚሸከሙ እዚያ ተጽፏል። ጎማ ለመግዛት ከመሄዳችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱት።

አሁን ደግሞ ክብደቱ የሚያርፍበትን ቦታ እንይ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው፣ የጎን ሻንጣዎቹ፣ የኋላ ሣጥኑ፣ በአብዛኛው የሚጫኑት የኋላውን ጎማ ነው። ከ595ቱ ኪሎ ሁለት ሦስተኛው ኋላ ላይ አረፈ ብንል 397 ኪሎ ይሆናል። ትክክለኛውን ድርሻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የከባድ መኪና መመዘኛ ባለበት ቦታ ሄዶ እያንዳንዱን ጎማ ለየብቻ ማስመዘን ይችላል፤ ብዙ ወጪ የለውም። ለዛሬው ትምህርታችን ግን 397ን እንያዝ።

የሮድ ኪንግ የኋላ ጎማ ጎኑ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለው፦ 180/65 ቢ 16፣ ቀጥሎ 81 ኤች። የመጀመሪያው ቁጥር 180 ሲሆን የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የሚለው የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ ነው፤ የ180 ሚሊ ሜትር 65 በመቶ፣ 117 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ቢ የተባለው ፊደል የአሠራሩን ዓይነት ያሳያል፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። 16 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው 81 ነው ዛሬ ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው። 81 የሚለው ኪሎ አይደለም፤ ኮድ ነው። ኮዱ ሲፈታ 462 ኪሎ ማለት ነው፤ ጎማው በተፈቀደለት ከፍተኛ ንፋስ ሲሞላ ሊሸከም የሚችለው ክብደት።

አሁን ከሂሳባችን ጋር አገናኙት። ኋላ ላይ ያረፈው 397፣ ጎማው የሚችለው 462፤ 65 ኪሎ ትርፍ አለ። መልካም። ባለሱቁ ግን ያ ጎማ የለኝም ብሎ ቸርኬው ላይ የሚገባ፣ ኮዱ 77 የሆነ ጎማ ቢያመጣላችሁስ? 77 ማለት 412 ኪሎ ነው። የሚተርፈው 15 ኪሎ ብቻ ነው፤ ጥቂት ዕቃ ሲጨመር ያልቃል። ኮዱ 71 የሆነ ጎማ ደግሞ 345 ኪሎ ብቻ ነው የሚሸከመው፤ ገና ከጅምሩ በ52 ኪሎ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። ባለ 81 እና ባለ 71 ኮዱን ጎማዎች ጎን ለጎን ብታቆሟቸው ዓይን ልዩነታቸውን አያውቅም። ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፤ ምናልባት 71 ኮድ ያለው በዋጋው ይረክስ ይሆናል። ልዩነቱን የሚናገሩት ጎኑ ላይ የታተሙት ሁለት አኃዞች ናቸው።

በቁጥሩ ጎን ያለው ኤች የፍጥነት ምልክት ነው፤ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ኤስ 180፣ ቪ 240 ነው። እኔ በዚህ ፍጥነት አልነዳ፣ ምን አገባኝ ሊል የሚችል ሰው ይኖራል። ያ ፊደል ግን ጎማው ሙቀትን ምን ያህል እንደሚችልም ይናገራል፤ በከባድ ሞተር ላይ ጎማን የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው። ስለዚህ የክብደት ኮዱም የፍጥነት ፊደሉም ፋብሪካው ካዘዘው ከፍ ቢሉ ችግር የለም፤ ዝቅ ማለት ግን የለባቸውም።

የቆየ ሃርሊ ያላችሁ አድማጮች ጎማችሁ ላይ ኤም ቲ 90 ቢ 16 ወይም ኤም ዩ 85 ቢ 16 የሚል ጽሑፍ ታገኙ ይሆናል። አትደናገጡ፤ የድሮ አጻጻፍ ነው። ኤም ቲ 90 በዛሬው አጻጻፍ ወደ 130/90 ይጠጋል። ስትገዙ ሁለቱንም አጻጻፍ ለባለሱቁ ንገሩት።

(አጭር ሙዚቃ)

ስለ ስፋት ትንሽ ልበል። ሰፊ የኋላ ጎማ ለዓይን ያምራል፤ እውነት ነው። ሱዙኪ ኤም 109 አርም ሆነ የሃርሊው ብሬክአውት 240 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኋላ ጎማ ይዘው ከፋብሪካ ይወጣሉ። እነሱ ግን ቸርኬውም፣ የኋላ ሹካውም፣ ኃይል ማስተላለፊያውም ለዚያ ስፋት ታስቦ የተሠራላቸው ናቸው። 180 በሚወስድ ቸርኬ ላይ 200 ቢገጠም ጎማው በጠባቡ ቸርኬ ተጨምቆ አናቱ ይሾላል፤ መሬት የሚነካው ቦታ እንደታሰበው አይሰፋም፤ ጎኑ ደግሞ ኃይል የሚያስተላልፈውን ቀበቶ ሊፈትግ ይችላል። ቁመቱም እንዲሁ ነው። 180/65 በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲገጠም ዲያሜትሩ 640 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእሱ ፋንታ 180/70 ቢገባ ወደ 658 ይደርሳል። 18 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር ትንሽ ያብጣል፤ ሁለት ሰው ሲጫንበትና ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ሞላው ይወርዳል። በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል ያለውን ክፍተት በጣታችሁ ለክታችሁ ስታዩት ያን ጊዜ ይገባችኋል። የፍጥነት መለኪያው ከጊርቦክሱ የሚያነብ ከሆነም 100 ሲላችሁ የምትሄዱት ወደ 103 ነው።

አሁን ወደ ቢ ፊደል እንመለስ። ጎማ ላስቲክ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ በክር የተሠራ ነው። አሮጌው አሠራር ክሮቹን በሰያፍ አቋርጦ ያነባብራል፤ ባያስ ይባላል። ጎኑ ጠንካራ ነው፤ ክብደት ይሸከማል፤ ግን በፍጥነት ሲሄድ ክሮቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ይሞቃል። ቢ የሚለው ፊደል በዚያው በሰያፍ አሠራር ላይ፣ ከመርገጫው ሥር ተጨማሪ ቀበቶ እንደተደረገ ያመለክታል። አር የሚል ፊደል ካያችሁ ደግሞ ራዲያል ነው፤ ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው በቀጥታ ይሻገራሉ፤ ከላይ ጠንካራ ቀበቶ ይታሰርባቸዋል። ሚሽላን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 የፈጠራ ባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት አሠራር ነው፤ ቀድሞ መኪና ላይ ሠርቶ በኋላ ወደ ሞተር ሳይክል መጣ። ራዲያል ጎኑ ስለሚለጠጥ መንገዱን ይከተላል፤ በረጅም መንገድ ፍጥነት ላይም ቀዝቀዝ ብሎ ይሄዳል። ሆንዳ ጎልድ ዊንግ በ2001 ወደ 1800 ሲሲ ሞተር ሲሸጋገር የፊቱም የኋላውም ጎማ ራዲያል የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ራዲያል ከተሻለ ለምን ሁሉም ራዲያል አይገጥምም? ምክንያቱም የሞተሩ አካል፣ ሹካውና ሞላው የተስተካከለው ከአንድ ዓይነት የጎማ ጠባይ ጋር ነው። ከፊት ባያስ ከኋላ ራዲያል፣ ወይም በተቃራኒው ቢገጠም፣ ፋብሪካው ራሱ ካልፈቀደው በስተቀር፣ ሁለቱ ጎማዎች ለአንድ ኩርባ ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። በ60 ኪሎ ሜትር ላይ ላይታወቅ ይችላል። በ110 ላይ፣ ከጎን የከባድ መኪና ንፋስ ሲመታችሁ፣ መሪው እጃችሁ ውስጥ መወዛወዝ ሲጀምር ይታወቃል። እኔ የምመክረው የፊቱም የኋላውም ከአንድ ኩባንያ፣ ከአንድ ዓይነት፣ አንዱ ለሌላው ተብሎ የተሠራ ጥንድ እንዲሆን ነው። የኋላው ቀድሞ ስለሚያልቅ ሁለቱን በአንድ ቀን መቀየር ላያስፈልግ ይችላል፤ ያኔም የፊቱ ያው ጥንዱ ይሁን።

ሽቦ ያለው ቸርኬ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካላማዳሪ ያስፈልገዋል። ጎማ በተቀየረ ቁጥር ካላማዳሪውም ይቀየር። የድሮውን ካላማዳሪ አዲስ ጎማ ውስጥ መክተት የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን ተለጥጦ የሰፋ ላስቲክ ሲታጠፍ ራሱን ይበላል። የትንሽ ገንዘብ ነገር ነው፤ አታስቀሩት።

ስለ ሙቀት ስናገር ንፋስን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ለእኔ ንፋስ ጎማ ከተገዛ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ የምርጫው አንድ ክፍል ነው። ቅድም 81 ኮድ 462 ኪሎ ይሸከማል ስንል በሙሉ ንፋሱ ነው ብለናል። ንፋሱ ሲጎድል 462 የሚባል ነገር የለም። ለምን? የሮድ ኪንግ የኋላ ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ያህል ይሄዳል። በ110 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በደቂቃ 900 ጊዜ ገደማ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ የጎማው እያንዳንዱ ቦታ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ 900 ጊዜ መሬት ላይ ይጨፈለቃል፤ 900 ጊዜ ደግሞ ተመልሶ ይቃናል። ላስቲክ በታጠፈና በተቃና ቁጥር ይሞቃል። ንፋሱ ከጎደለ እጥፋቱ ይጠልቃል፤ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ላስቲኩን ከክሩ ጋር ያያዘው ማጣበቂያ ይላላል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ ሁለት ሰው ተጭኖ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎማው ይለያያል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትነዱ አድማጮች፣ የእናንተ አስፋልት በበጋ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ ይህ ለእናንተ በእጥፍ ይሠራል።

ለሮድ ኪንግ የተለመደው የንፋስ ግፊት ከፊት 36፣ ከኋላ 40 ፒኤስአይ ነው። ለእናንተ ሞተር የተጻፈው በባለቤቱ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ቁጥር ጎማው የሚችለው ወሰን እንጂ በየቀኑ የምትሞሉት መጠን አይደለም፤ ሁለቱን አታምታቱ። የሚለካውም ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ነዳጅ ማደያ ደርሳችሁ ብትለኩ ሙቀቱ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያችኋል፤ ከፍ ብሏል ብላችሁ ካስተነፈሳችሁት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ታገኙታላችሁ። አየሩ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። በመስከረም የሞላችሁትን በኅዳር ሳትለኩ አትውጡ። አገር ቤት ጎማን በእግር መትቶ ደህና ነው ማለት የተለመደ ነው። የከባድ ክሩዘር ጎማ ጎኑ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ ግማሽ ንፋሱ ወጥቶም እግርን ይመልሳል። መለኪያዋን ግዙ፤ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ጎማው ምን ያህል ያስኬዳል ወደሚለው እንምጣ፤ ሁሉም ሰው የሚወደው ጥያቄ ነው። ጠንካራ ላስቲክ ረጅም ይሄዳል፤ መንገድ ግን እንደ ለስላሳው አይዝም፤ በተለይ በዝናብና በብርድ። ለስላሳው መንገድ ይይዛል፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ኩባንያዎቹ ይህን ለማስታረቅ መሃሉን ጠንካራ፣ ትከሻውን ለስላሳ አድርገው መሥራት ጀምረዋል፤ የዳንሎፕ አሜሪካን ኢሊት የኋላ ጎማ በዚህ መንገድ የተሠራ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ አውራ ጎዳና ለሚሄድ ሰው ትርጉም ያለው አሠራር ነው። ሲሊካ የተቀላቀለበት ላስቲክም በእርጥብ መንገድ የተሻለ ይይዛል። እኔ እንደማምነው ከባድ ሞተር ለሚነዳ ሰው የዝናብ አያያዝ ከተጨማሪ 3,000 ማይል ይበልጣል። 380 ኪሎ የሆነ ሞተር እርጥብ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲንሸራተት በእግር ደግፎ የሚያቆመው ሰው የለም።

የጎማው ጥርስ ስንት ሲቀር ይቀየር? በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያሉ ድልድዮች አሉ። የመርገጫው ላስቲክ ከእነሱ እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል። በአሜሪካ ለሞተር ሳይክል ጎማ የእነዚህ ድልድዮች ቁመት 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። እዚያ ድረስ አትጠብቁ፤ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀር ውሃ የሚያስወግድበት አቅሙ ወርዷል። ደግሞም ጥርስ እያለ ጎማ ሊበላሽ ይችላል። ቀጥታ መንገድ ብዙ የሄደ የኋላ ጎማ መሃሉ ይደለደላል። መዳፋችሁን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው በመርገጫው ላይ አሻግሩት። ጤናማ ጎማ እጃችሁን በክብ ይወስደዋል። የተደለደለው ላይ ግን እጃችሁ ሜዳ አልፎ ጠርዝ ያገኛል። ኩርባ ላይ ስታጋድሉ ሞተሩ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ከዚያ ያንን ጠርዝ ሲያልፍ በድንገት ይወድቃል። ነጂዎች ሞተሩ ታመመ ብለው ኩሽኔታ ያስቀይራሉ፤ ብዙ ጊዜ በሽታው ጎማው ነው።

ዕድሜም አለ። በጎማው አንድ ጎን ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ፣ ኦ፣ ቲ ተብሎ የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ አለ። የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች ፈልጉ፤ የጎን ሻንጣው ሊሸፍነው ስለሚችል የእጅ ባትሪ ያዙና ሞተሩን ትንሽ ወደፊት ግፉት። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው፤ ዓመቱ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፤ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ እንዳለ ቢሆንም ይውጣ። በጥርሶቹ ሥርና በቸርኬው ጠርዝ አካባቢ ቀጫጭን ስንጥቆች ካያችሁ ዕድሜውን መቁጠርም አያስፈልግም። ይህ ነገር አዲስ ጎማ ሲገዛም ይሠራል። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ቡፋሎ አጠገብ የነበረው፣ ለብዙ ዓመታት የዳንሎፕን የሞተር ሳይክል ጎማ ያመረተው ፋብሪካ በ2024 መጨረሻ ተዘግቷል። እንዲህ ዓይነት ለውጥ ሲመጣ መደርደሪያ ላይ የቆየ ጎማ በቅናሽ ሊሸጥ ይችላል። ቅናሹ ራሱ መጥፎ አይደለም። ጎማው ቸርኬ ላይ ከመግባቱ በፊት ግን አምጡና ልየው በሉ፤ አራቱን ቁጥሮች አንብቡ። ከገባ በኋላ መመለስ የለም።

ሌላ ብዙ የሚነሳ ጥያቄ አለ። አንዳንድ ነጂዎች፣ በተለይ ጎልድ ዊንግ የሚነዱ፣ ከኋላ የመኪና ጎማ ያስገጥማሉ። ርካሽ ነው፤ ክብደት ይሸከማል፤ ብዙ ይሄዳል ይላሉ። የሚሉት ነገር በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን መኪና አያጋድልም፤ ስለዚህ ጎማው ጠፍጣፋ ነው። ሞተር ሲያጋድል ክብ ጎማ ከመሃል ወደ ትከሻው ሳይቋረጥ ይንከባለላል፤ ጠፍጣፋው ግን በጠርዙ ይቆማል። የቸርኬው ጠርዝ አሠራርም በመኪናና በሞተር ሳይክል አንድ አይደለም፤ ጎማው በትክክል መቀመጡን ማንም ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። የሞተሩም የጎማውም ሠሪዎች አይፈቅዱትም። በአንድ ጎማ የተረፈው ገንዘብ፣ ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰው ስታስቡ፣ ለዚህ የሚበቃ አይደለም። ይህ የእኔ ቁርጥ ያለ አስተያየት ነው።

ጎማው ቢበሳስ? ቀዳዳው መርገጫው ላይ ከሆነና ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ጎማው ወጥቶ፣ ውስጡ ታይቶ፣ ከውስጥ በኩል ሊጠገን ይችላል። ጎኑ ላይ ከሆነ አይጠገንም። መንገድ ላይ ከውጭ የሚሰካው ጎሚስታ እስክትደርሱ ብቻ ነው፤ ያውም ቀስ ብላችሁ።

እንግዲህ ጎማውን መርጣችሁ ገዛችሁ። ገጣሚው ሥራውን ሲሠራ ቁሙና እዩ፤ ጥሩ ባለሙያ በዚህ አይቆጣም። የድሮው ጎማ ሲወጣ ኩሽኔታውን በጣቱ አሽከርክሮ እንዲያየው ጠይቁት፤ ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም። ቫልቩ አዲስ ይሁን። ጎማው ጎን ላይ የመዞሪያውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ በተቃራኒው መግባት የለበትም። ትንሽ ባለቀለም ነጥብ ካለው የጎማው ቀላል ቦታ ያ ነው፤ ከቫልቩ ጋር ይሰለፋል። ከዚያ ባላንስ ይደረግ። ቀበቶ ባለው ሞተር ላይ ጎማው ሲመለስ ቀበቶው ውጥረቱን ጠብቆ፣ አክሰሉ በቀኝና በግራ እኩል ሆኖ መታሰሩን አረጋግጡ። ብሎኑ በቶርክ መፍቻ ይጥበቅ፤ በግምት አይሁን።

አዲስ ጎማ ከሱቅ ሲወጣ ላዩ ለስላሳና የሚያንሸራትት ነው፤ ገና ከመንገድ ጋር አልተዋወቀም። የመጀመሪያዎቹን 160 ኪሎ ሜትሮች በርጋታ ንዱ። ፍሬን በድንገት አትያዙ፤ ጋዝ በኃይል አትስጡ፤ የማጋደሉንም መጠን በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ፤ ትከሻው መንገድ ካልነካ አይሟሽምና። ለዚያን ቀን ማንንም ከኋላ ባትጭኑ ይመረጣል። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ ሁለቱንም ጎማ ለኩ። ከተሞላው ከ2 ፒኤስአይ በላይ ጎድሎ ካገኛችሁ፣ ሌሊቱም እምብዛም ካልቀዘቀዘ፣ ቫልቩ ወይም የጎማው ጠርዝ ያስተነፍሳል፤ የሳሙና ውሃ ቀቡበት፤ አረፋ የሚያወጣውን ቦታ አግኝታችሁ ለገጣሚው አሳዩት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ፍሬን ሸራ እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)